ቀምሼልሃለሁ

“ቅመሺ።”

ሉላ የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፈተች። ከፍርፍሩ በጣቷ ቆንጥራ ጎረሰች። ኮንስታብል ሽፈራው እስክትውጥ ጠበቃት፤ ከዚያ ታችኛውን ክፍል እንድትከፍት በእስክሪብቶው አመለከታት። ከእሱም ቀመሰች።

“ዛሬ ቃሪያው በዝቷል” አለ፣ አጎንብሶ እያየ።

“እናቴ ናት የሠራችው።”

“ለቢሩክ ነው አይደል?” መዝገቡ ላይ ጻፈ፤ ዕቃውን ግን ወዲያው አላነሣውም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እህት፣ ወንድምሽ ትናንት ማታ ሲነሣ ወደቀ። ዛሬም ካልበላ ለአለቃዬ ማሳወቅ አለብኝ። ሰኞ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰው ነው፤ በምን አቅሙ ይቆማል?”

“ዛሬ ይበላል” አለች ሉላ። አላመነችበትም።

ወደ ፖሊስ ጣቢያው ስትመላለስ ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ሐሙስ ዕለት ኮንስታብሉ “ቅመሺ” ሲላት የጋበዛት መስሏት “በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ” ብላው፣ ስንቅ ይዘው የተሰለፉት ሴቶች በሙሉ ሥቀውባት ነበር። አሁን ሳትጠየቅ እጇን ታጥባ ትቀርባለች።

ታናሽ ወንድሟ ቢሩክ የሜትር ታክሲ ሾፌር ነው። ረቡዕ ምሽት ጉርድ ሾላን አለፍ ብሎ፣ አስፋልት ያቋርጡ የነበሩ አቶ ዓለምሰገድ የተባሉ ሽማግሌ ገጨ። ራሱ አንሥቶ ሆስፒታል አደረሳቸው፤ ለትራፊክ ፖሊስም ራሱ ደወለ። የሽማግሌው ዳሌ ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል። ሐኪሞቹ ይተርፋሉ ይላሉ፤ ነገር ግን እስካሁን በአፋቸው እህል አልገባም። በቢሩክም አፍ አልገባም። ሐሙስ የተላከለት ምግብ እንዳለ ተመለሰ። የዓርቡም እንደዚያው።

ይህን ከሉላ በቀር በቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም። እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት የደም ግፊት አለባቸው። ሉላ በሁለቱም ቀን ወደ ቦሌ ቡልቡላ ከመመለሷ በፊት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ወርዳ፣ ምግቡን ለነዳያን ገልብጣ፣ ባዶውን ዕቃ ይዛ ገባች።

“በላ?” ይላሉ እናቷ ገና በሩን ሲከፍቱ።

“ጥርግ አድርጎ።”

ወይዘሮ የሺመቤት ክዳኑን አንሥተው ውስጡን ያያሉ፤ መልሰው ይከድኑታል። ዛሬ ጠዋት ግን ፍርፍሩን ሲያሰናዱ ከወትሮው እጥፍ ቃሪያ ከተፉ።

“ቢሩክ ቃሪያ አይበላም እኮ፣ እማዬ።”

“አውቃለሁ” አሉና ክዳኑን ገጠሙት።

ሉላ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዕቃው እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የጥር ቅዳሜ ነው፤ ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ሰርግ አለባት። ስምንት ሰዓት ላይ እዚያ መሆን አለባት። ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ በሻሽ አስራዋለች። ላለማሰብ ስትል ድምፏን ማሟሟቅ ጀመረች፤ ሳይታወቃት አፏ ላይ የመጣው የኬኩ ዘፈን ነበር።

ዘፈኑን የማያውቅ የለም። ሉላ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኬክ ሲቆረስ ዘፍናዋለች፤

ቀምሼልሃለሁ ፊት ለፊታቸው፣
ሳትሰጋ ጉረሰው፣ ይመልከት ዓይናቸው።

እዚህ ላይ ሙሽራዋ ኬኩን መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ሙሽራውን ታጎርሳለች፤ አዳራሹ በእልልታ ይሞላል። ቀጥሎ ሁለተኛው ስንኝ ይመጣል፤

ባዶ ሳህንህን ስቀበል ከደጅ፣
ሣቄ አልቆም አለኝ እንደ ትንሽ ልጅ።

ከዚያ በኋላ ግጥም የለም። ኪቦርዱ ብቻውን ይጫወታል፣ ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ። “ፊት ለፊታቸው” የተባሉት ለሉላ እድምተኞቹ ነበሩ። ባዶ ሳህን የሚመልሰው ደግሞ የሚስቱ እጅ የሚጥመው፣ ከሥራ ሲገባ ምሳ ዕቃውን ጠርጎ የሚያመጣ ባል ነው።

“ጓለይ፣ ልጄ” አሉ ከጎኗ የተቀመጡ ሴት። ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሹራብ በነጠላቸው ላይ የደረቡ እናት ናቸው። “እሱን ዘፈን እዚህ አታንጎራጉሪው።”

“ይቅርታ እማማ። ረበሽኩዎት? ድምፄን እያሟሟቅሁ ነው። የሰርግ ዘፋኝ ነኝ።”

“ታስታውቂያለሽ። ፖሊስ ጣቢያ በቢጎዲን የሚመጣ ሌላ ማን አለ?”

ሉላ እጇን ወደ ሻሿ ወስዳ ፈገግ አለች። ሴትየዋ ስማቸው ንግሥቲ እንደሆነ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተደባድቦ ለታሰረ የወንድማቸው ልጅ ስንቅ ይዘው እንደመጡ ነገሯት። “አርባ ዓመት የሞላው ጎረምሳ” አሉት።

“ዘፈኑን አይወዱትም?”

“እወደዋለሁ። ቦታው ነው የከበደኝ።”

“የሰርግ ዘፈን እኮ ነው።”

ወይዘሮ ንግሥቲ ወደ ኮንስታብሉ ጠረጴዛ ተመለከቱ። አንዲት ወጣት ሴት የሾርባ ዕቃ ከፍታ በማንኪያ እየቀመሰች ነበር።

“ቀምሼልሃለሁ የሚባለው የት ነው፣ ጓለይ? አንቺስ ቅድም የት ቆመሽ ነው የቀመስሽው?”

ሉላ ጣቷን አየችው። የፍርፍሩ በርበሬ ጥፍሯ ሥር ነበር።

“የቢሩክ!” ብሎ ተጣራ ኮንስታብል ሽፈራው።

ተነሥታ ሄደች። ዕቃውን ስትቀበለው እጇ ከክብደቱ የተነሣ ወደ ታች ወረደ። ልትከፍተው አላስፈለጋትም። ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

“ከበደሽ” አሉ ወይዘሮ ንግሥቲ።

“ሦስተኛ ቀኑ ነው።”

አሮጊቷ መናገር ጀመሩ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር።

“ኃይለኪሮስ፣ ባለቤቴ፣ በደርግ ጊዜ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ታስሯል። ስንቅ ይዘን እንሰለፋለን። መተያየት የለም፣ ደብዳቤ የለም። ወታደሩ ቅመሺ ይልሻል፣ ትቀምሻለሽ፣ ሳህኑ ይገባል። በኋላ ባዶው ይወጣል። ባዶ ከወጣ ሰውዬው አለ ማለት ነው። ሌላ ወሬ አልነበረንም።”

“ባዶውን ስትቀበሉ…”

“እንሥቃለን። መንገደኛው እነዚህ ሴቶች ምን ነካቸው ይላል። ባዶ ሳህን ታቅፈን፣ እየሣቅን ወደ ቤት።” በመዳፋቸው ጉልበታቸውን አበስ አበስ አደረጉ። “ከኋላዬ የምትሰለፍ አለም የምትባል ልጅ ነበረች። ከተዳረች ስድስት ወሯ ነው። ግጥሙ የሷ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ካሴት ላወጣች ዘፋኝ ሰጠችው፤ አቀናባሪው ምቱን አፍጥኖ የጭፈራ አደረገው። ሦስተኛውን ስንኝ ግን ለምን ትተዉታላችሁ?”

“ሦስተኛ የለውም፣ እማማ። እሱ ጋ ኪቦርድ ነው።”

“ካሴቱ ላይ አለ።”

አልዘፈኑትም። የሰው አድራሻ እንደሚናገር ሰው፣ ቃል በቃል አሉት፤

“ሳህኑ ከበደኝ ዛሬ ስቀበለው፣
እንደ ሰጠኋቸው እንዳለ ሙሉ ነው።
ቀምሼልህ ነበር።”

ሉላ ጭኗ ላይ ያለውን ዕቃ በሁለት እጇ ያዘችው።

“ከዚያ ቀን በኋላ አለም ስንቅ አላመጣችም” አሉ ወይዘሮ ንግሥቲ።

“ታዲያ ሰርግ ላይ ስንጨፍርበት አልከፋትም?”

“ጠየቅኋት። ‘ሁለቱ ስንኞች እውነት ናቸው፣ ንግሥቲ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይጨፍሩበት’ አለችኝ። ሦስተኛውንስ አልኋት። ‘እሱ የኔ ነው፤ ግን አንዳንዴ ሰው ቢለው ደስ ይለኛል’ አለች። አምና አረፈች።”

አንድ መኪና ወደ ግቢው ገባ፤ አቧራው እስኪያልፍ ሁለቱም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ሉላ ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ቤት ይዛው የገባችው ባዶ ዕቃ ትዝ አላት። እናቷ ክዳኑን ሲያነሡ፣ ውስጡን ሲያዩ፣ መልሰው ሲከድኑት።

“እማማ፣ ምግቡን ወታደሮቹ በልተውት ቢሆንስ? ባዶውን አይታችሁ እንዴት ታምናላችሁ?”

ወይዘሮ ንግሥቲ ቀና ብለው አዩዋት። “ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኛም ደርሰንበታል። ለዚህ ነው ሁላችንም ምልክት የነበረን። ኃይለኪሮስ ሳህኑን የምጠቀልልበትን ጨርቅ ሁለት ጊዜ ቋጥሮ ይመልስልኛል። አንድ ቋጠሮ ከሆነ የበላው ሌላ ነው። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ፣ እነሱ ብቻ የሚያውቁት ነገር አለ። ወታደር ሳህን ባዶ ማድረግ ይችላል፤ ይህን ግን አያውቀውም።”

“ቃሪያው” አለች ሉላ።

“ምን አልሽ?”

“ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ቃሪያ አይበላም። እየለቀመ በሳህኑ ጠርዝ ዙሪያ ይደረድረዋል። እናቴ ትቆጣዋለች፤ ግን መጨመሯን አትተውም።” ተነሥታ ቆማ ነበር። “እኔ ጥርግ አድርጎ በላ አልኋት።”

በወይዘሮ ንግሥቲ የተሸበሸበ ፊት ላይ ፈገግታ ታየ። “ሂጂ በይ” አሉ፣ ወደ ኮንስታብሉ በአገጫቸው እያመለከቱ። “ያ ልጅ ሲያዩት ኮስታራ ነው እንጂ ክፉ አይደለም።”

“ወንድሜን ላየው” ስትለው ኮንስታብል ሽፈራው ሰዓቱን አየ፤ ሉላን አየ፤ ያልተነካውን ምሳ ዕቃ አየ።

“ሁለት ደቂቃ። ከሽቦው ወዲህ ሆነሽ።”

ቢሩክ የረቡዕ ሸሚዙን እንደለበሰ መጣ። ጉንጮቹ ገብተዋል። ሽቦውን ይዞ ቆመ፤ ለመደገፍ መሆኑን ሉላ አወቀች።

“አባባ ዓለምሰገድ በሉ?” አለ፣ ሰላምታ ሳያቀድም።

“በላ” ብላ መዋሸት ሁለት ቀን ሙሉ ሥራዋ ነበር። ዛሬ አልቻለችም።

“አልበሉም። ልጃቸው ጋ ጠዋት ደውዬ ነበር። ማታ ውኃ በማንኪያ ተሰጥቷቸዋል፤ አልመለሱትም አለችኝ።”

“ውኃ።”

“በማንኪያ።”

ራሱን ነቀነቀ። “ጠልቼው አይደለም፣ ሉላ። ጉሮሮዬ አይቀበለውም። እንጀራውን ሳየው የሚመጣብኝ የእሳቸው ነጠላ ጫማ ነው። አንዱ ጠፍቶ ነበር፤ መኪናው ሥር ስፈልግ…”

አልጨረሰውም። ሉላም አላስጨረሰችውም።

“ለእማዬ ስዋሻት ነበር” አለች። “ዕቃውን ባዶ አድርጌ እየወሰድኩ። ጥርግ አድርጎ በላ እያልኩ።”

ቢሩክ ቀና አለ። “ጥርግ አድርጎ?”

“አዎ።”

“ቃሪያውንም?”

“ከነቃሪያው። ለነዳያን ሰጠሁት።”

ዓይኑን ጨፈነ። “አውቃለች።”

“ዛሬ እጥፍ ነው የከተፈችው። ቃሪያ አይበላም ብላት ‘አውቃለሁ’ አለችኝ።”

ኮንስታብሉ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁለቱ ደቂቃ አልፏል። ቢሩክ በሽቦው ቀዳዳ ሁለት ጣቱን አወጣ፤ ሉላ ያዘቻቸው። ቀዝቃዛ ነበሩ።

“መልሰሽ አስገቢው” አለ። “ሁሉንም ግን አልችልም።”

“ሁሉንም ያለህ የለም።”

ጠረጴዛው ጋ ኮንስታብል ሽፈራው ዕቃውን በእጁ አገደው። “ከዚህ ወጥቶ ነበር። እንደገና መቀመስ አለበት። ሕጉ ነው።”

“አውቃለሁ” አለች ሉላ። ክዳኑን ከፈተች። በዚህ ጊዜ ሰፋ አድርጋ ጠቀለለች፤ ኮንስታብሉ እያያት፣ ወይዘሮ ንግሥቲ እያዩዋት፣ ቀስ ብላ አላመጠችው። ቃሪያው አፏን አቃጠላት።

ስትጠብቅ ስልኳ ሦስት ጊዜ ጠራ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኢያሱ ነበር። በሦስተኛው አነሣችው።

“የት ነሽ? ሙሽሮቹ ፎቶ ጨርሰዋል። እየመጡ ነው።”

“ጉርድ ሾላ ነኝ። መጀመሪያ ቡልቡላ ደርሼ እመጣለሁ።”

“ቡልቡላ? ሉላ፣ አዳራሹ ሩዋንዳ ነው። ሙሽራዋን ማን ሊያስገባት ነው?”

“አንተ አስገባት።”

“በእኔ ድምፅ ከገባች ተመልሳ ነው የምትወጣው።”

“ለኬኩ እደርሳለሁ፣ ኢያሱ። እባክህ።”

ቃናዋን ሰምቶ መሆን አለበት፤ “ለኬኩ” አለና ዘጋ።

ምሳ ዕቃው ሲመለስ ቀለል ብሎ ነበር። ሉላ ከጥላው ሥር ቆማ ክዳኑን አነሣች። ግማሹ አለ። በግራ በኩል ያለው ፍርፍር አልተነካም። በቀኝ በኩል ግን የብረቱ ታች እየታየ ነው፤ በጠርዙ ዙሪያ የቃሪያ ቁራጮች አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ፣ በእኩል ርቀት ተደርድረዋል።

ልማድ ሆኖባት፣ የቀረውን የት ልገልብጠው ብላ አሰበች። ከዚያ ክዳኑን ገጠመችው። ቃሪያው እንዳይበተን በሁለት እጇ፣ እንደ እንቁላል፣ ደረቷ ላይ አስደግፋ ያዘችው።

“በሉ ደህና ይዋሉ፣ እማማ።”

“ምን አለው?” አሉ ወይዘሮ ንግሥቲ።

“ቋጥሮታል” አለች ሉላ።

አሮጊቷ በመዳፋቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን በሣቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቡልቡላ ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወይዘሮ የሺመቤት በሩን ከፍተው ቆመዋል። ዛሬ “በላ?” አላሉም። ዕቃውን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ክዳኑን አነሡ። መነጽራቸውን ከራሳቸው ላይ ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ጣታቸውን በጠርዙ ላይ፣ ቃሪያውን ሳይነኩ፣ አዞሩ።

“ግማሹን ነው የበላው” አለች ሉላ።

“ግማሹን” አሉ እናቷ፣ ትልቅ ነገር እንደተሰጠው ሰው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው፣ “የሐሙሱን ለማን ሰጠሽው?” አሉ።

“ለነዳያን። የዓርቡንም።”

“ደህና አድርገሻል።” መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ከዚያ ዓይናቸውን። “ነገ ትንሽ አድርጌ እሠራለታለሁ፤ ብዙ ሲያይ ይጨነቃል። ለእኒያ ሰውዬም አጥሚት እናድርስላቸው። አሁን ነይ፣ ቢጎዲኑን ላውጣልሽ። እንደዚህ ሆነሽ ልትዘፍኚ ነው?”

ሉላ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እናቷ አንድ አንድ እያሉ አወጡላት። ማንም ያንን ዕቃ ሊያጥበው አልተነሣም።

አዳራሹ ስትደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ኢያሱ ከኪቦርዱ ጀርባ ሆኖ ግንባሩን ጠረገና፣ “ሙሽራዋ ገብታለች፤ አልወጣችም” አላት። ኬኩ መሐል ላይ ቆሟል፣ አምስት ደርብ። መድረክ መሪው ስሟን ጠራ። ኢያሱ ምቱን ለቀቀው፤ ያው ፈጣኑ ምት።

ሉላ የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈነች። ሙሽራዋ ኬኩን መጀመሪያ ራሷ ቀመሰች፤ ከዚያ ወደ ሙሽራው አፍ አቀረበችው። እልልታው አዳራሹን ሞላው። ሁለተኛውን ዘፈነች፤ “ባዶ ሳህንህን” ስትል እውነተኛ ሣቅ መጣባት፣ ድምፏ ውስጥ ገባ፤ ፊት ያሉት ጠረጴዛዎች ከወትሮው ይልቅ አጨበጨቡ። አለም ትክክል ነበረች። ይጨፍሩበት።

ከዚያ ኪቦርዱ ብቻውን ቀረ። ሚዜዎቹ ትከሻቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቦታ ላይ ሉላ እያጨበጨበች ታስጨፍር ነበር።

ዛሬ በማይክራፎኑ አንገት ላይ ያለችውን ቁልፍ ወደ ታች ገፋቻት። ትንሿ አረንጓዴ መብራት ጠፋች። ማይክራፎኑን ከአፏ ሳትለይ፣ ሦስተኛውን ስንኝ እስከ መጨረሻው ቃል ዘፈነችው።

ኢያሱ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። ማይክሽ ጠፍቷል ብሎ በጣቱ ጠቆማት። አውቃለሁ ስትል ራሷን ነቀነቀችለት፤ አላበራችውም።